በሰዓት ስድስት ሸሚዝ

ጋሽ እንፋሎትን ላስባርራቸው የወሰንኩት ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ አንድ ሸሚዝ ለመተኮስ አሥር ደቂቃ እንደሚፈጅባቸው በስልኬ ለክቼ ካረጋገጥኩ በኋላ። ክፉ ሰው ስለሆንኩ አይደለም። ክፉ ብሆን መለካት አያስፈልገኝም ነበር።

ነገሩ የተነሳው ሰኞ ነው። አክስቴ ልብስ ማጠቢያ ቤት አላት፤ በቁልፍ ቀራጭና በመድኃኒት ቤት መካከል የተሰነቀረ፣ አፉ ጠባብ ሆዱ ረጅም የሆነ ቤት። መግቢያው ላይ ባንኮኒ አለ፤ እዚያ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ልብስ እቀበላለሁ፣ ቁጥር የተጻፈበት ቁራጭ ጨርቅ በመርፌ ቁልፍ እሰካበታለሁ፣ ደረሰኝ እቆርጣለሁ፣ «ይሄ እድፍ እዚህ ነው የመጣው» ከሚል ሰው ጋር እጨቃጨቃለሁ። ከባንኮኒው ጀርባ መጋረጃ አለ፤ ከመጋረጃው ጀርባ ጋሽ እንፋሎት ይተኩሳሉ። ከእሳቸው ወዲያ ሁለት ማጠቢያ ማሽኖች አሉ፤ እነሱን የምታዝዛቸው ማዕበል ነች። ሁለቱም የሚጠሩት በቅጽል ነው፤ እናት አባታቸው ያወጡላቸውን ስም እዚህ ቤት የሚያውቀው የደሞዝ ወረቀቱ ብቻ ነው።

ሰኞ ልንዘጋ ስንል አክስቴ ከውጭ ገባችና ቦርሳዋን ባንኮኒው ላይ ጣለችው።

«ኪራይ ጨመሩብኝ።»

«ስንት?» አለች ማዕበል፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች።

«አንድ ሰው የሚያህል።»

ሦስታችንም ገባን። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ አክስቴ መክፈል የምትችለው የሁለት ሰው ደሞዝ ነው፤ እኛ ደግሞ ሦስት ነን። ይህን ለማስላት ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። እኔ ግን ገብቻለሁ፤ ያውም ኢኮኖሚክስ።

«ማን እንደሚወጣ ቅዳሜ እነግራችኋለሁ» አለች።

«በምንድነው የምትወስኚው?» አልኳት።

«ሆዴ የነገረኝን።»

«ሆድ መረጃ የለውም፣ አክስቴ። እኔ ላጥናው።»

ማዕበል ከት ብላ ሳቀች። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ!» አለች። «ምሩቋ፣ ወረቀቱን አሁኑኑ ጽፈሽ ጨርሺው፤ ምን ያደክምሻል?»

እውነቷን ነው፤ በነገሩ ውስጥ የራሴ ጥቅም አለበት። ከገባሁ ሦስት ወሬ ነው፤ መጨረሻ የገባ ይውጣ ከተባለ የምወጣው እኔ ነኝ። ከተመረቅሁ በኋላ ስምንት ወር ያህል ሥራ ፈልጌ፣ እናቴ ለእህቷ ደውላ አልቅሳ ነው እዚህ የገባሁት። በደሞዜ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። ደሞዙ ከቀረ የምመለሰው እናቴ ሳሎን ያለው ሶፋ ላይ ነው። ሶፋው መጥፎ አይደለም። መጥፎው የእህቴ ባል ነው፤ በየማለዳው ቡናውን ይዞ ከፊቴ ቆሞ «ዛሬስ ሥራ እንዴት ነው?» የሚለኝ ሰው። ያንን ጥያቄ ሁለተኛ እንዳልሰማ አንድ ሽማግሌ ብቻ ሳይሆን ሁለት ላስባርር እችላለሁ።

ማዕበልን ማስወጣት አይቻልም። ሁለተኛው ማሽን የሚነሳው ጎኑ ላይ አንድ ቦታ በቡጢ ሲመታ ነው፤ ቦታውን የምታውቀው እሷ ብቻ ነች፤ ስትመታውም ጀርባዋን ሰጥታን ነው። እኛ ይህን ለአራት ወር በመጽሐፍ ተምረናል፤ ሞኖፖል ይባላል። እሷ መጽሐፉን ሳታይ ደርሳበታለች። ስለዚህ የሚቀረው ወይ እኔ፣ ወይ ጋሽ እንፋሎት።

ጋሽ እንፋሎት ስልሳ አንድ ዓመታቸው ነው። ሠላሳውን ዓመት የቆሙት መተኮሻ ጠረጴዛ ፊት ነው። ቀኝ ትከሻቸው ከግራው ዝቅ ይላል፤ መነጽራቸው ሁልጊዜ በጉም እንደተሸፈነ ነው። እንከን የላቸውም፤ ችግሩም እሱ ነው። ኮሌታውን ከላይም ከስርም ይተኩሳሉ። የኪሱን ክዳን ገልብጠው ይተኩሳሉ። ሱሪ ውስጥ የሚገባውን ጫፍ ሳይቀር ይተኩሳሉ።

«ጋሼ፣ ይሄን ማን ያየዋል?» አልኳቸው ማክሰኞ፣ ስልኬን ከጀርባዬ ደብቄ።

«ሚስቱ ታየዋለች።»

«ያላገባ ከሆነስ?»

«እንግዲያ ሚስት ፍለጋ ላይ ነው። ጭራሽ ይበልጥ መተኮስ አለበት።»

«ጊዜ ይፈጃል እኮ።»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ ልጄ።»

«እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ ደንበኛው በታክሲ ሄዷል» አልኩ። በጣም ሳቁ። ሰውን ለማስባረር እያጠናኸው ሲስቅልህ ደስ አይልም። «እርስዎ» እያሉ ማስባረርም እንደዚያው ነው፤ አፍ አንዱን ሲል እጅ ሌላውን ይጽፋል።

ስሌቱ ግን ግልጽ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች ጨርቁን ሸሚዝ ያደርጉታል። አራተኛዋ ደቂቃ ጥሩ ሸሚዝ ታደርገዋለች። ከዚያ በኋላ ያሉት ስድስቱ የሚያመጡት ነገር ሰውየው ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ ሁለተኛው ፌርማታ ሳይደርስ ይጠፋል። ስድስት ደቂቃ ለሁለት ፌርማታ። በቀን ስምንት ሰዓት፣ በሰዓት ስድስት ሸሚዝ፣ ድምር አርባ ስምንት። ሲደምሩት ያስለቅሳል።

እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። ነገር ግን ሰውን በአንድ ሥራ ብቻ ለክቶ መፍረድ ደካማ ጥናት ነው፤ ለዚህ ዓይነት ጥናት መምህራኖቼ ቀይ እስክሪብቶ ነበራቸው። ሁለታችንም በሁለቱም ሥራ መለካት አለብን አልኩ። እሳቸው አንድ ሰዓት ባንኮኒ ይቀመጣሉ፤ እኔ አንድ ሰዓት እተኩሳለሁ። በኋላ ማንም «አድልተሻል» እንዳይለኝ። ሰው ጉድጓዱን ሲቆፍር መለኪያ ይዞ፣ ግድግዳውን እያስተካከለ ሊቆፍር እንደሚችል ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ረቡዕ ጠዋት፣ ሰው ወደ ሥራ ሲሄድ ልብሱን ወርውሮ በሚያልፍበት የግርግር ሰዓት ቦታ ተለዋወጥን።

«ፈተና ነው?» አሉኝ ጋሽ እንፋሎት፣ ሽርጣቸውን እየፈቱ።

«ጥናት ነው።»

«መውደቅ አለው?»

ሽርጡን ከእጃቸው ወስጄ ታጠቅሁ።

«መውደቅ ካለው ፈተና ነው» አሉና መነጽራቸውን ጠርገው ወደ ባንኮኒው ሄዱ።

ካውያው ከጠበቅሁት ይከብዳል። እንፋሎቱ ፊት ላይ ሲመጣ ሰው ሸሚዙን ሳይሆን ራሱን የሚተኩስ ይመስለዋል። ግን ወጣት ነኝ፣ ትከሻዬ ደህና ነው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ግድ የለኝም። ኮሌታ፣ ትከሻ፣ እጅጌ፣ ፊት፣ ጀርባ፣ ማንጠልጠያ፣ ቀጣይ። ማዕበል አንድ ጊዜ አንገቷን አስግጋ አየችኝና «ሸሚዙ ምን አደረገሽ?» አለችኝ። በአንድ ሰዓት ውስጥ አሥራ ስድስት ጨረስኩ። አክስቴ አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ሁለቱን ብቻ መለሰችብኝ፤ እነሱንም በዚያው ሰዓት ውስጥ ደግሜ አስተካከልኳቸው።

ከመጋረጃው ወዲያ ያለውን ግን እየሰማሁ ነበር። አንድ ሰውዬ ኮት ይዞ ገባ፤ ሚስቱም አብራው ነበረች።

«ይሄ እድፍ እዚህ ነው የመጣው! ኮቴን ሰጥቼ እንዲህ አድርጋችሁ ትመልሱልኛላችሁ?»

እኔ ብሆን ሩብ ሰዓት ይፈጅብኝ ነበር። ደረሰኝ አወጣለሁ፣ ከጀርባው በትንሹ የተጻፈውን ደንብ አነባለሁ፣ እሱ ይጮሃል፣ እኔ እጮሃለሁ። ጋሽ እንፋሎት ግን ኮቱን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት መሰለኝ፤ የማሽተት ድምፅ ሰማሁ።

«ቅባት ነው» አሉ። «ክርኑ ላይ ነው። የግራ ክርን። ጌታዬ፣ ሲበሉ የግራ ክርንዎን ጠረጴዛ ላይ ይደገፋሉ?»



«ተናገር እንጂ!» አለች ሚስትየዋ። «አሥር ዓመት ሙሉ ስነግረው! አሥር ዓመት!»

«ይተዉት፣ እመቤቴ፤ ደክሞት ይሆናል። እናወጣዋለን፤ ሐሙስ ይምጡ።»

ሰውዬው አመስግኖ ወጣ። ይቅርታም ጠየቀ መሰለኝ። አንድ ደቂቃ ከምናምን።

ቀጥሎ ደረሰኙ የጠፋበት መጣ። ደረሰኝ የጠፋበት ሰው ለእኔ የቀኑ መጨረሻ ነው። ጋሽ እንፋሎት የሰውየውን አንገት አዩና «አርባ አንድ ቁጥር ኮሌታ፣ ቀኙ የተበላ፤ ስልክ በትከሻዎ ይዘው ነው የሚያወሩት» ብለው ከተንጠለጠሉት መሃል ሸሚዙን ነጥለው ሰጡት። ሰውን በፊቱ ሳይሆን በኮሌታው ነው የሚያውቁት። ሠላሳ ዓመት መጋረጃ ጀርባ ሆነው ሳያዩት የሚያውቁትን ሰፈር ገና አሁን ፊቱን እያዩት ነው።

ደረሰኝ ሲቆርጡ ግን ቀርፋፋ ናቸው፤ እያንዳንዷን ፊደል ድንጋይ ላይ እንደሚቀርጹ ያህል። በሰዓቱ መጨረሻ አሥራ አራት ሰው አስተናገዱ። ሐሙስ እኔ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ወንበር ሃያ አስተናገድኩ። ሃያ አንደኛው የአንድ ትልቅ ሆቴል ሰውዬ ነበር፤ ግን የመጣው ልብስ ሊሰጥ ስላልሆነ አልቆጠርኩትም። አክስቴን ነው የፈለገው። የአስተናጋጆቹን ሸሚዝ፣ በቀን ሰባ፣ የምትወስድለት ቤት እየፈለገ ነው፤ ለሦስተኛ ጊዜ መምጣቱ ነው። አክስቴ እንደ ሁልጊዜው «አቅም የለንም» ብላ ሸኘችው፤ ከሸኘችው በኋላም በሩ ላይ ቆማ ጀርባውን ለረጅም ጊዜ አየችው።

ዓርብ ወረቀቱን ጻፍኩ። አንድ ገጽ ነው፤ ከዚያ በላይ አላስፈለገም። ሸሚዝ በሰዓት፦ እኔ አሥራ ስድስት፣ እሳቸው ስድስት። ደንበኛ በሰዓት፦ እኔ ሃያ፣ እሳቸው አሥራ አራት። በሁለቱም እበልጣለሁ። ከታች «ማጠቃለያ» ብዬ አሰመርኩና ሁለት መስመር ጻፍኩ፤ መተኮሱን እኔና ማዕበል በትርፍ ሰዓታችን ልንሸፍነው እንችላለን የሚል። «ይሰናበቱ» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ሰርዤ ጻፍኩት። በመጨረሻ «የሥራ ቦታው ይታጠፍ» አልኩ። ሰው አይታጠፍም፤ የሥራ ቦታ ይታጠፋል። ኢኮኖሚክስ ለእንዲህ ዓይነት ነገር ቃል አያጣም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሌላው ቀን ቀድመን እንዘጋለን። አክስቴ «ቢሮዬ» የምትለው ቦታ በሁለት የሳሙና ዱቄት ጆንያዎች መካከል ያለ አንድ ወንበር ነው። እዚያ ተቀምጣ መነጽሯን ከግንባሯ ወደ ዓይኗ አወረደችና ወረቀቱን አነበበች። ደግማ አነበበች። እኔ ቆሜያለሁ።

«አሥራ ስድስት? አንቺ?»

«እኔ። አይተሽዋል እኮ።»

«አይቼዋለሁ። ደህና ነበር።» ጣቷን በወረቀቱ ላይ አንሸራተተች። «በሁለቱም ትበልጫቸዋለሽ ማለት ነው።»

«በሁለቱም።»

«በየትኛው ነው አብልጠሽ የምትበልጪያቸው?»

«በመተኮሱ፣» አልኩ ወዲያው፤ እጄን ያወጣሁ ጎበዝ ተማሪ ነበርኩ። «ከእጥፍ በላይ ነው። ባንኮኒው ላይ ያለው ልዩነት እምብዛም—»

እዚያው ላይ ትዝ አለኝ።

ሦስተኛ ዓመት ላይ አንድ ፈተና ነበር። ሁለት አገሮች አሉ። አንደኛዋ አገር ሁሉንም ነገር ከሁለተኛዋ አስበልጣ ታመርታለች። ታዲያ ሁለተኛዋ ትዘጋ? ወይስ አሁንም ለሁለቱም የሚያዋጣ ነገር አለ? ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፍኩ፤ ከነሥዕሉ። አትዘጋም አልኩ። ጎበዟ አገር በጣም የምትበልጥበትን ትያዝ፣ ደካማዋ ደግሞ ብዙም የማትበለጥበትን ትያዝ፣ ሁለቱም ያተርፋሉ አልኩ። መምህሩ መልሴን ለክፍሉ አነበበው። ሁለቱ አገሮች እኔና ጋሽ እንፋሎት እንደሆንን ግን ማንም አልነገረኝም። አገሮቹ አክስትም አልነበራቸውም።

አክስቴ ገና አልጨረሰችም።

«ከጠዋቱ ግርግር በኋላ በሰዓት ስንት ሰው ይመጣል?»

«ሰባት። ስምንት።»

«አንቺ ሃያ ትችያለሽ።»

«እችላለሁ።»

«የቀረው አሥራ ሁለቱ የት ነው ያለው?»

ጎንበስ ብዬ ወረቀቱን አየሁት።

«ስልክሽ ውስጥ ነው» አለች። «እሳቸው ደግሞ አሥራ አራት ይችላሉ ብለሻል። ለስምንት ሰው አሥራ አራት አይበቃም?»

«ይበቃል፣ ግን ጠዋት—»

«ጠዋት ስድስት ሰው ትንሽ ይሰለፋል። ተሰልፎ የሞተ አላየሁም።» መነጽሯን ወደ ግንባሯ መለሰችው። «አሥራ ስድስት በስምንት ሰዓት ስንት ነው?»

«አክስቴ—»

«ስንት ነው?»

«መቶ ሃያ ስምንት።» ዕድሜ ልኬን ሳባዛ እንደዚያ ከፍቶኝ አያውቅም።

«የኛ አርባ ስምንት፣ የሆቴሉ ሰባ። መቶ አሥራ ስምንት። አሥር ይተርፍሻል፤ ለሻይ።» ወረቀቱን አጥፋ ጉያዋ ውስጥ ከተተችው። «የሆቴሉ ገንዘብ የኪራዩን ጭማሪ ይችለዋል። ማንም አይወጣም። ሰኞ እሳቸው ባንኮኒ፣ አንቺ መጋረጃ ጀርባ።»

«እኔ ምሩቅ ነኝ እኮ!»

«ሸሚዙ አይጠይቅሽም።»

«ይሄን ማን አስተማረሽ?» አልኳት፤ እውነት ማወቅ ፈልጌ ነው። አክስቴ ትምህርት ያቆመችው ስድስተኛ ክፍል ነው።

«እናትሽ» አለች። «ልጅ ሆነን በሁሉም ትበልጠኝ ነበር። ምግብ ትሠራለች፣ ገበያም ወጥታ ተከራክራ ታረክሳለች። እኔም ገበያ ላይ ደህና ነበርኩ፤ እንደሷ ባይሆንም። ምግቤ ግን፣» እጇን አወዛወዘች፣ «አባታችን አንድ ቀን ቀምሶት ውሻውን ጠራው። ውሻው መጣ፣ አሸተተ፣ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷ ማጀት፣ እኔ ገበያ። ይኸው እስከ ዛሬ ገበያ ላይ ነኝ፤ እሷ እስከ ዛሬ ማጀት። በሁሉም የምትበልጠው እሷ ነበረች።»

ይህን ስትል ድምጿ ላይ ኩራትም ሐዘንም አልነበረም። ዋጋ የምትናገር ነበር የምትመስለው።

ሽንፈቴን ተቀበልኩ፤ ግን ባዶ እጄን አልወጣም አልኩ።

«ደሞዝ ይጨመርልኝ።»

«በምን ምክንያት?»

«ከመቶ በላይ ለምተኩሰው ለእያንዳንዱ ሸሚዝ ይታሰብልኝ።»

«ሌላ ቦታ ስንት ይሰጡሻል?»

«ምንም። ማንም አይፈልገኝም፤ ስምንት ወር ጠይቄያለሁ።»

«እንግዲያ?»

«እንግዲያ ለሆቴሉ ሰውዬ ደውለሽ 'አቅም አለን' በይው። ሰኞ ደግሞ ሰባውን ሸሚዝ ራስሽ ተኩሺው።»

አክስቴ አየችኝ። ሦስት ወር ሙሉ የዚያች ደውላ ያለቀሰች እህቷን ልጅ ነበር የምታየው፤ አሁን ግን ሥጋ ቤት ገብታ ብልት እንደምትመርጥ ሴት ነው ያየችኝ።

«ይሄንን ነው ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩሽ?»

«አይ። ይሄ የናቴ ነው።»

ሳቋ መጣ፤ ከለከለችው፤ አመለጣት። «ከመቶ አሥር በላይ» አለች።

«ከመቶ አምስት።»

«ውጪልኝ ከዚህ።» ይህ እሺ ማለት ነው።

ለጋሽ እንፋሎት የመንገሩ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። መጋረጃውን ገልጬ ስገባ ካውያውን ነቅለው፣ የጠረጴዛውን ጨርቅ እየወጠሩ ነበር። በልቤ ምስጋና አዘጋጅቼላቸው ነበር፤ ማለትም እንዲያመሰግኑኝ። ለነገሩ ሥራቸው ተርፏል።

«ጥናቱ አለቀ» አልኩ።

«ስንት አመጣሁ?»

«በመተኮሱ ስድስት። በባንኮኒው አሥራ አራት።»

«ከስንት?»

«ከ... ከምንም አይደለም። በሰዓት ነው።»

«አሥራ አምስት ነው» አሉ። «መድኃኒት ቤቱን የጠየቀችኝን ሴትዮ አልቆጠርሻትም።»

«እሷ ደንበኛ አይደለችም፣ ጋሼ።»

«አመሰገነችኝ እኮ።»

ከዚያ ነገርኳቸው። ሥራቸው አለ፤ ከሰኞ ጀምሮ ባንኮኒ ላይ ይቀመጣሉ፤ የምተኩሰው እኔ ነኝ። ጨርቁን መወጠር አቆሙ። አላመሰገኑኝም። ሠላሳ ዓመት የያዙትን ካውያ አንዲት የሦስት ወር ልጅ ልትወስድባቸው ነው፤ ያውም በስልኳ ለክታ። ፊታቸውን አላየሁም፤ መነጽራቸው ጉም ነበር። ያየሁት ትከሻቸውን ነው። ዝቅ ያለው ትከሻ ይበልጥ ዝቅ አለ፤ አላውቅም፣ ምናልባት ድሮም እንደዚያው ነው።

ማዕበል ከማሽኖቹ በኩል ሰምታ ኖሮ «ምሩቋ፣ እንኳን ደስ ያለሽ!» ብላ ጮኸች። «አራት ዓመት ተምረሽ ካውያ ተሸለምሽ!»

ማንም አልሳቀላትም። ጋሽ እንፋሎት ካውያውን በጠረጴዛው ላይ ወደኔ ገፋ አደረጉት።

«ውሃውን ከአፉ በታች ሙዪው፤ አለበለዚያ ይፈሳል» አሉ። ከዚያም ቀጠሉ፦ «የባንኮኒው ወንበር መደገፊያ አለው?»

«አለው።»

«ለቀኝ እጅስ ማሳረፊያ?»

«እሱም አለው።»

«ይታያል» አሉ፤ ሽርጣቸውን አጥፈው በኪሳቸው ከተቱና ወጡ።

ሰኞ የሆቴሉ ሰባ ሸሚዝ በሁለት ትልልቅ ከረጢት መጣ። ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፤ የሚያናድድ ነገር ነው፣ አንዱን ጨርሰህ ስትሰቅል ያልጀመርክ ይመስልሃል። ማዕበል ማሽኗን መታች፣ ማሽኑ ተነሳ፣ እንፋሎቱ ፊቴን ሞላው። ከመጋረጃው ወዲያ ጋሽ እንፋሎት አንዷን ሴትዮ ስለ ልጇ ሠርግ እየጠየቁ ነው። ሴትዮዋ ልጇን መዳሯን ከቀሚሱ ነው ያወቁት። ረድፍ ተሠርቷል፤ የሚያጉረመርም አለ፤ ግን ማንም አልሞተም።

ረፋዱ ላይ ሠላሳ ሁለተኛዬን ሰቅዬ ላቤን ስጠርግ መጋረጃው ተገለጠ። አንድ እጅ ገባ፤ እጁ ላይ እኔ ተኩሼ ያስረከብኩት ሸሚዝ ተንጠልጥሏል።

«ይቺ ትመለስ።»

«ምን ሆነች?»

«ኮሌታዋ ከስር ተጨማዳለች።»

«ጋሼ፣ እርስዎ አሁን ተኳሽ አይደሉም! ባንኮኒ ነዎት!»

«ባንኮኒ ነኝ። ሰውዬው ሲመጣ የሚጮኸው ታዲያ ማን ላይ ነው?»

ሳስበው፣ እሳቸው ሲተኩሱ ጩኸቱን የምሰማው እኔ ነበርኩ፤ ግን አንድም ሰው ስለ ኮሌታ ጮሆብኝ አያውቅም። ስለ እድፍ፣ ስለ ደረሰኝ፣ ስለ ዋጋ፣ ስለ እኔ አነጋገር፤ ስለ ኮሌታ ግን አንድም ቀን።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!» አለች ማዕበል ከወዲያ።

«አንቺ ማሽንሽን ምቺ!»

እጁ አሁንም መጋረጃው መሃል ተዘርግቶ ይጠብቃል፤ የሚጣደፍ እጅ አይደለም። ልከራከር እችል ነበር። ከእሳቸው ጋር ክርክር ቢያንስ አምስት ደቂቃ ነው፤ መካከሉ ላይ ተረት ይገባበታል፣ በመጨረሻም ማሸነፌ አጠራጣሪ ነው። ኮሌታው ግን አርባ ሴኮንድ ነው።

ሸሚዙን ተቀበልኳቸው።